አምስት «ዝም ያሉ» ላሞች፦ ደብረ ብርሃን አካባቢ የገጠመኝ የሆርሞን ሕክምና ጉዳይ

ጥሪው

ጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ከደብረ ብርሃን ከተማ ትንሽ ወጣ ካለ አንድ ቤት ስልክ ተደወለልኝ። ደዋይዋ ወተት ሸጠው ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ እናት ናቸው። «ልጄ፣ አምስት ላም ዝም ብሎኛል። ኮርማ አይፈልጉ፣ ምን አይሉ። ያንን የሆርሞን መርፌ ይዘህ ና፤ አምስቱንም ውጋልኝ» አሉኝ።

የእንስሳት ሐኪም ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ጥሪ አዲሴ አይደለም። ይህኛውን ለብቻው መዝግቤ ያስቀመጥኩት ግን በምክንያት ነው። የሆርሞን ሕክምና የሚሠራበትን፣ የማይሠራበትንና ጉዳት የሚያደርስበትን ሁሉ በአንድ ግቢ ውስጥ አየሁ። ከአምስቱ ላሞች ዑደታቸው በእርግጥ የቆመው የሁለቱ ብቻ ነበር። ከሁለቱ በአንዷ ላይ ደግሞ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ።

ቤቱና ላሞቹ

በግቢው ሰባት የሆልስታይን ዲቃላ ላሞች አሉ። ሁለቱ እርጉዝ መሆናቸው ይታወቃል። የቀሩት አምስቱ ከወለዱ ከ5 እስከ 14 ወር ሆኗቸዋል፤ አንዳቸውም አልያዙም ተብሏል።

ዋናው ቀለብ የገብስ ጭድና ድርቆሽ ነው። ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ የሚገዛው ገንዘብ ሲኖር ነው። ውሃ በቀን አንድ ጊዜ፣ ያውም ጠዋት ይጠጣሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥር ጠዋት ውርጩ ገና አልለቀቀም፤ እንዲያ የቀዘቀዘ ውሃ ላም ጠግባ አትጠጣም።

ማለቡና ማጽዳቱ የምራትየዋና የ13 ዓመት የልጅ ልጅ ሥራ ነው። ባለቤትየዋ ገበያውንና ሂሳቡን ይዘዋል። የተጻፈ መዝገብ ግን የለም። መቼ ወለደች፣ መቼ ተዳቀለች ሲባል «የጥምቀት ሰሞን»፣ «ከመስቀል በኋላ» ነው መልሱ።

ባለፈው ጥቅምት አምስቱም የሆርሞን መርፌ ተወግተው ነበር፤ ፕሮስታግላንዲን ነው የተሰጣቸው። ማህፀናቸውንና እንቁልጢያቸውን (እንቁላል የሚወጣበትን አካል) ቀድሞ የዳሰሰ ሰው አልነበረም። ሁለቱ፣ ቦራና ሻሼ፣ ኮርማ ፈለጉና ተዳቀሉ። ሦስቱ ምንም አላሳዩም። ቦራ ከተዳቀለች ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ላም ላይ ስትወጣ ታየች። በቃ አልያዘችም ተባለ። እንግዲህ ባለቤትየዋ ጥር ላይ የደወሉልኝ ያው መርፌ እንዲደገም ነው።

መርፌው ከመውጣቱ በፊት

ሳልመረምር አልወጋም አልኩ። እናትየው ቅር አላቸው። ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የምርመራ ክፍያም አለው። የሆነው ሆኖ ረጅሙን ጓንት አጥልቄ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገባችው ቦራ ናት። እጄን አስገብቼ ማህፀኗን ስዳስስ አንደኛው ቀንድ ተነፍቷል፤ ውስጡ ፈሳሽ አለው። የሦስት ወር ገደማ እርግዝና ነው። ጥቅምት ላይ የተዳቀለችው ይዛ ኖሯል! እርጉዝ ላም አልፎ አልፎ ሌላ ላም ላይ ትወጣለች፤ የቦራም እንዲሁ ነበር። ያን ቀን እንደተጠየቅኩት አምስቱንም ወግቼ ቢሆን ኖሮ ቦራ ታስወርድ ነበር። ፕሮስታግላንዲን በዚህ የእርግዝና ጊዜ ጽንስ ያስወርዳል። ለእናትየው ይህን ስነግራቸው ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ምርመራው ክፍያ አላነሱም።

ሁለተኛዋ ሻሼ ናት። ሥጋዋ ደህና ነው፤ ማህፀኗም ጤነኛ። እንቁልጢዋ ላይ ቢጫው አካል፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ በቦታው የሚበቅለው፣ በግልጽ ይዳሰሳል። ይህ ማለት በቅርቡ እንቁላል ጥላለች፤ ዑደቷም ይዞራል ማለት ነው። ታዲያ ድራቷን፣ ኮርማ የምትፈልግበትን ጊዜ፣ ማን አየ? ጥያቄውን ስጠይቅ ጥግ ላይ ባልዲ ይዛ የቆመችው ልጅ «ሌሊት ትጮሃለች እኮ» አለች። መቼ? «የገና ሰሞን። ጠዋት ሳልባት ጭራዋ ላይ የደረቀ ነገር ነበረ፤ ወተቷም ቀንሶ ነበር።» ከዚህ የተሻለ የድራት መግለጫ ከየት ይመጣል? ከዚያን ቀን በፊት ልጅቷን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ሦስተኛዋ ጥቁሬ ናት። ስትወልድ የእንግዴ ልጁ ቀርቶባት በእጅ ተጎትቶ ወጥቶ ነበር። ማህፀኗ አብጧል፣ ከብዷል፤ ጫን ስለው ነጭ ቢጫ መግል ወጣ። እንቁልጢዋ ላይ ቢጫ አካል አለ። መግል የያዘ ማህፀን ቢጫውን አካል የሚያከስመውን መልእክት አይልክም። ስለዚህ ላሟ ሳታረግዝ እንደ እርጉዝ ዝም ትላለች።

አራተኛዋ አበባ ናት። ከወለደች 7 ወሯ ነው፤ በቀን 9 ሊትር ገደማ ትታለባለች። ሰውነቷ ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው የሥጋ መለኪያ 2.5 ነው። እንቁልጢዋ ላይ የሚያድግ የእንቁላል ከረጢት ይዳሰሳል፤ ቢጫ አካል ግን የለም።

የመጨረሻዋ ዳለቻ ናት። ከወለደች 5 ወሯ ነው። የጎድን አጥንቷ ይቆጠራል፤ የጭራዋ ሥር ጎድጉዷል። ከ2 በላይ ልሰጣት አልቻልኩም። ሁለቱም እንቁልጢዎቿ ትንንሽና ልሙጥ ናቸው። ጥጃዋ ጠዋትና ማታ ከእርሷ ጋር ይለቀቃል፤ ሲለው ይጠባል።

አበባና ዳለቻን በ11ኛው ቀን ተመልሼ ዳሰስኳቸው። አንድ ምርመራ ብቻውን አይበቃም። ዑደቷ የሚዞር ላም ድራቷን በጨረሰች ሰሞን ከተዳሰሰች ቢጫው አካል ገና አልጎለበተም፤ ለእጅ አይገኝም። ከ10 ወይም 11 ቀን በኋላም ከሌለ ግን ዑደቷ በእርግጥ ቆሟል። የሁለቱም ቆሞ ነበር።

የጥቅምቱ መርፌ ለምን አልሠራም?

ፕሮስታግላንዲን ለዚህ ጉዳይ የሚሰጠው አንድ ነገር እንዲያደርግ ነው። ላም እንቁላል ከጣለች በኋላ እንቁላሉ በወጣበት ቦታ ላይ ቢጫ አካል ይበቅላል። ይህ አካል ፕሮጄስትሮን ያመነጫል። እርሱ እስካለ ድረስ ላሟ ድራት አትመጣም። መርፌው ቢጫውን አካል ያከስመዋል፤ ከዚያ ከ2 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ድራት ይመጣል።

ቢጫ አካል ከሌለ የሚከስም ነገር የለም። ዳለቻና አበባን አሥር ጊዜ ብንወጋቸው ለውጥ አይመጣም። ቢጫው አካል ገና የ5 ቀን ዕድሜ ሳይሞላው ከተወጋም አይሰማም። ጥቁሬም ጥቅምት ላይ ምንም አላሳየችም። መግሏ በመርፌው ወጥቶ እንደሆነ ግን ያስተዋለ ስላልነበረ ስለ እርሷ ምንም ማለት አልችልም።

ለዘመቻ ተብሎ መርፌው በጅምላ ሲሰጥ የሚያሳዝነኝ ይኸው ነው። መድኃኒቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለምትጠቀመውም፣ ለማትጠቀመውም፣ ለሚጎዳትም እኩል ይሰጣል። ከዚያ ገበሬው «ሆርሞን አይሠራም» ብሎ ይደመድማል።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

መርፌውን ከማውጣቴ በፊት ምራትየዋን ከበረት እንድትወጣ ለመንኳት። የላሟን ጭራ ይዛ የቆመችው እርሷ ናት፤ ስድስተኛ ወሯ ነው። ፕሮስታግላንዲን በቆዳ በኩል ይገባል። እርጉዝ ሴትም ሆነች አስም ያለበት ሰው ሊነካው አይገባም። ብልቃጡንም መርፌውንም ጠቅልዬ ይዤ ተመለስኩ፤ በግቢው አልጣልኩም።

ሻሼን ወጋናት። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ጮኸች። ልጅቷ ባትሪ ይዛ ወጥታ አየቻት፤ ሌላዋ ላም ስትወጣባት ቀጥ ብላ ቆማለች። ጠዋት የማዳቀል ባለሙያው፣ አዳቃዩ፣ መጣ። በ21ኛው ቀን ግን ድራቷ ተመለሰ፤ አልያዘችም ነበር። ይህ ያጋጥማል፤ ጤነኛ ላምም በአንድ ማዳቀል ላትይዝ ትችላለች። ሁለተኛው ድራት ያለ ምንም መድኃኒት በራሱ ጊዜ መጣ። በዚያ ያዘች። ለሻሼ ዋናው ሕክምና ማታ ማታ፣ ሁሉ ከተኛ በኋላና ጎህ ሲቀድ 20 ደቂቃ ቆሞ ማየት ነበር።

ጥቁሬን ወጋናት፤ በ14ኛው ቀን ደገምናት። ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ ብዙ መግል ወጣ። ቀጥሎ የመጣውን ድራት ሆን ብለን አሳለፍነው፤ የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ማህፀኑ ይጥራ ብለን ነው። እናትየው ይህን ለመቀበል ተቸገሩ፤ ስንት ወር የጠበቁትን ድራት እያዩ ዝም ማለት ከባድ ነው። በሦስተኛው ድራት የሚንጠለጠለው ፈሳሽ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ሆነ። ያኔ ተዳቀለች፤ ያዘች።

ለአበባ የተለየ ነገር አስፈለገ። የላስቲክ መሣሪያ ነው፤ ፕሮጄስትሮን በውስጡ ይዟል፤ ብልት ውስጥ ገብቶ ለ7 ቀን ይቀመጣል። ሐሳቡ እንዲህ ነው። ዑደቷ በቆመ ላም ውስጥ የእንቁላል ከረጢቶች ያድጋሉ፤ ግን ከአንጎል የሚመጣው ትእዛዝ ደካማ ስለሆነ ሳይፈነዱ ይሞታሉ። ለአንድ ሳምንት ፕሮጄስትሮን ሰጥቶ በድንገት ማውጣት ቢጫ አካል ኖሮ እንደከሰመ ያህል ነው። አንጎሉ ይነቃል። መሣሪያው በሚወጣበት ቀን ፒኤምኤስጂ የሚባል ሆርሞን 400 ዩኒት ይጨመራል፤ ከረጢቱ እንዲያድግ ይገፋዋል። መጠኑ ካለፈ ከአንድ በላይ እንቁላል ሊወርድና መንታ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ በዓይን ግምት አይሰጥም። ከፍሪጅ ውጭም አይቀመጥም።

ቀኑን ከኋላ ወደ ፊት ነው የቆጠርነው። አዳቃዩ ቅዳሜና እሁድ አይገኝም። ስለዚህ ማዳቀሉ ሐሙስ እንዲውል መሣሪያውን ማክሰኞ መጋቢት 3 አስገባን፤ ማክሰኞ መጋቢት 10 ጠዋት አወጣን፤ ሐሙስ መጋቢት 12 ከሰዓት ተዳቀለች። መሣሪያው ሲወጣ ደፍረስ ያለ ፈሳሽ አብሮት ወጣ። ቤተሰቡ ደነገጠ። ላስቲኩ የሚያመጣው መጠነኛ ቁጣ ነው፤ በራሱ ይጠፋል። ቀድሜ ብነግራቸው ኖሮ አይደነግጡም ነበር። ግንቦት ላይ ዳሰስኳት። ይዛለች።

አበባ ግን ወደዚህ የደረሰችው በባዶ አይደለም። ከጥር መጨረሻ ጀምሮ በቀን 3 ኪሎ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ አሞሌ ጨው፣ ከአጥሩ ሥር ካለው ትሪ ሉሰርን ከሚባለው የመኖ ዛፍም የተቆረጠ ቅጠል ይሰጣት ነበር። ውሃም በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ፤ አንዱ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ካሞቀው በኋላ።

ዳለቻ፦ ያልተሳካው

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። እቅዴ ዳለቻን ቢያንስ ለሦስት ወር መቀለብ፣ ጥጃዋን ማራቅና ከዚያ ማየት ነበር። እናትየው ግን «ለአንዷ አድርገህ ለአንዷ ልትተው ነው? እስከ ክረምት እንዴት ልጠብቅ?» አሉኝ። መሣሪያውም በእጄ ነበር። ሥጋዋ ሳይመለስ ከአበባ ጋር በአንድ ቀን አስገባሁላት። ልቤ እየጠረጠረ ነው ያደረግኩት።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ ደወለች። ጥጃው ከመሣሪያው የተንጠለጠለውን ገመድ እየጠባ ይጎትታል። ሄጄ ገመዱን አሳጠርኩት። ጥጃው አሁንም እናቱ ሥር መዋሉን ያኔ በዓይኔ አየሁ።

መሣሪያው ከወጣ በኋላ ዳለቻ ደካማ ድራት አሳየች፤ ተዳቀለች። አልያዘችም። በ40ኛው ቀን ስዳስሳት እንቁልጢዎቿ በጥር ወር እንዳየኋቸው ልሙጥ ሆነዋል። ሆርሞኑ ለአንድ ቀን ቀሰቀሳት፤ ከዚያ ወደነበረችበት ተመለሰች።

ምክንያቱን ሳጣራ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛው የጥጃው ነገር ነው። ጥጃ ያለ ገደብ ሲጠባ፣ እናቱም ሲያሸታትና ስታየው፣ ያ ራሱ እንቁላል እንዲወርድ የሚያዝዘውን የአንጎል ሆርሞን ይጫነዋል። ሁለተኛው ፈጽሞ ያላሰብኩት ነበር። ዐቢይ ጾም ገባ። ወተት ገዢ ጠፋ፤ ዋጋው ወረደ። በዚህ ቤት የመኖ ገንዘብ የሚመጣው ከወተት ነው። እናትየው ፉርሽካውን ለሚታለቡት ብቻ አደረጉት። ዳለቻ በቀን 2 ሊትር እንኳ አትሰጥም ነበርና ከጭድ ጋር ቀረች። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም፤ እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ችግሩ የእኔ ቀን አቆጣጠር ነው። የአዳቃዩን ሳምንት ቆጠርኩ፤ ጾሙን ግን አልቆጠርኩም። እዚያው አካባቢ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ይህን መርሳት አልነበረብኝም።

ከፋሲካ በኋላ እንደገና ጀመርን። ጥጃው ወደ ሌላ ክፍል ተወሰደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከእናቱ ጋር ይገናኛል። ዳለቻ በቀን 4 ኪሎ ያህል የተቀላቀለ መኖ አገኘች። ሰኔ ላይ ዝናቡ መጥቶ ሣሩ ሲለመልም ሥጋዋ 2.5 ደረሰ። ሐምሌ 11 ማታ ልጅቷ ደወለች፦ «ጋሼ፣ ዳለቻ ሌላዋ ስትወጣባት ቀጥ ብላ ቆማለች!» አንድም መርፌ አልተሰጣትም። በማግስቱ ተዳቀለች፤ በዚያው ያዘች።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

«ኮርማ አልፈለገችም» የሚለው ቃል የበሽታ ስም አይደለም። በዚህ ግቢ ብቻ ከጀርባው እርግዝና፣ ያልታየ ድራት፣ የማህፀን መግል፣ መካከለኛ ሥጋ ያላት ላም ዑደት መቆምና የከሳች ላም ዑደት መቆም ነበሩ። ለአምስቱ የሚሆን አንድ መርፌ የለም። እጅ ማስገባቱ ይቀድማል። ቅደም ተከተሉ ደግሞ ሁልጊዜ ከእርግዝና ይጀምራል። ተዳቅላ የምታውቅ ላም ሁሉ፣ ድራት የሚመስል ነገር ብታሳይም፣ እርጉዝ አለመሆኗ እስኪረጋገጥ ፕሮስታግላንዲን አይሰጣት።

የፕሮጄስትሮኑ መሣሪያ ቦታው ጠባብ ነው። የሚጠቅመው ዑደቷ ለቆመ፣ ግን የእንቁላል ከረጢት ለምታሳድግና ሥጋዋ 2.5 አካባቢ ለሆነ ላም ነው። ለዳለቻ ያወጣነው ገንዘብ ለስንት ቀን መኖ ይበቃ እንደነበር ከእናትየው ጋር ቁጭ ብለን አስልተን ነበር፤ ሁለታችንንም አስቆጨን። ላሟ በጣም ከከሳች ገንዘቡ ከመድኃኒት ቤት በፊት መኖ ቤት ይሂድ። ጥጃውን ማራቅ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ተመሳሳይ ነገር በህንድና በፓኪስታን የሚታለቡት ጎሾች ላይ አለ። እኛ ጎሽ ስንል የምናውቀው የዱሩን ነው። እነሱ ሙራ፣ ኒሊ ራቪ እያሉ የሚያረቧቸው የቤት ጎሾች ሌላ ዝርያ ናቸው። በሞቃቱ ወራት ብዙዎቹ ዑደታቸው ይቆማል። ድራታቸውም ደካማ ነው፤ ሌሊት ይበዛል። ለእነሱም የሚሰጠው ይኸው መሣሪያ፣ ከመጨረሻው የፒኤምኤስጂ መርፌ ጋር ነው። እዚያም ጥላ፣ የሚዘፈቁበት ውሃና ደህና መኖ ካልተሟላ ሆርሞኑ ብቻውን አያዛልቅም። አገሩና እንስሳው ሌላ ነው፤ የዳለቻ ነገር ግን እዚያም አለ።

የሚያልበውን ሰው ጠይቁ። ድራትን ቀድሞ የሚያውቀው ሐኪሙ ወይም ባለቤቱ አይደለም፤ በየቀኑ ጡት የሚነካው ነው። ከዚህ ጉዳይ በኋላ ልጅቷ አንድ ደብተር ተሰጣት። በእያንዳንዷ ላም ስም አንድ ገጽ አለ፤ የወለደችበት፣ ድራት የታየችበት፣ የተዳቀለችበት ቀን ይጻፍበታል። ከሁለት ወር በኋላ ስመለስ ገጹን ገልጬ ሻሼ መቼ እንደምትወልድ ልነግራት ስል ቀድማኝ ነገረችኝ።

ቦራ ሐምሌ 26 ወለደች። አበባ ታህሳስ ላይ ቀጠለች። ዳለቻ ሚያዝያ 2012 ላይ ሴት ጥጃ ወለደች፤ በዚህኛው ወሊድ ጥጃዋን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምረው ለይተው አሳደጓት።